ቦረቦር የሚድነው ከላይ ነው፦ ለወሎ መንደር በጎ ፈቃደኞች የአሠራር መመሪያ

በመንደራችን ዳር ያለው ቦረቦር ሲጀምር የከብት ዱካ ነበር። ከብቶቹ ጠዋት ወደ ውሃ ሲወርዱ፣ ማታ ሲመለሱ በአንድ መስመር እየረገጡ ሣሩን አጠፉት፤ ክረምት ሲገባ ጎርፉ ያንኑ መስመር ተከተለ። እናቶቻችን በልጅነታቸው በአንድ እርምጃ ይሻገሩት እንደነበር ይነግሩናል። እኔ ሳድግ ግንድ ተጋድሞበት ነበር የምናልፈው። ሥራ በጀመርንበት ዓመት ስፋቱ ሦስት ሜትር ደርሶ፣ ውሃ የሚቀዱ ሴቶች ጀሪካን ተሸክመው ዙሪያውን ይዞሩ ነበር።

ሙያዬ ማስተማር ነው። ይህን የምጽፈው በደሴ ዙሪያ ባለች ደጋማ ቀበሌ ከጎረቤቶቼ ጋር ሦስት በጋ ድንጋይ ተሸክሜ ስለተማርኩት ነው። በእናንተም መንደር እንዲህ ያለ ቦረቦር ካለ፣ ሠላሳ አርባ ሰው ከተገኘ፣ ዶማና አካፋ ካለ፣ ይድናል። ደሴ ዙሪያ ላይ ቆሞ ለሚያይ ጎርፉ ሁለት መንገድ አለው፤ ወደ ምሥራቅ የወረደው በቦርከና አድርጎ አዋሽ ይገባል፣ ወደ ምዕራብ የወረደው በበሽሎ አድርጎ ዓባይን ይቀላቀላል። በሁለቱም በኩል የሚሄደው የእኛው አፈር ነው።

አንድ ነገር ከሁሉ አስቀድሜ ልናገር። ቦረቦር የሚታየው ከታች ነው፣ የሚመጣው ግን ከላይ ነው። ብዙ ሰው ጉድጓዱን አይቶ ድንጋይ ሊሞላበት ይሮጣል። ከላይ ያለው ማሳና ኮረብታ ውሃውን እንዳለ እየለቀቀው ከቀጠለ ግን የተሠራው ክትር (ጎርፉን የሚያበርድና ደለል የሚይዝ፣ ቦረቦሩን አቋርጦ የሚሠራ አጭር ግድብ) ሁለት ክረምት አይቆይም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትለውጡት፦ መጀመሪያ ስምምነት፣ ቀጥሎ የላዩ ውሃ፣ ከዚያ ክትር፣ ከዚያ ተክል፣ በመጨረሻም ከዝናብ በኋላ ተመልሶ ማየት።

ድንጋይ ከመነሣቱ በፊት

ይህን ክፍል ዘልላችሁ ወደ ሥራው እንዳትሄዱ። የብዙ መንደር ሥራ የፈረሰው በጎርፍ ሳይሆን በከብት ነው። ክትሩ ደለል ይይዛል፣ ደለሉ ላይ ለምለም ሣር ይበቅላል፣ ሣሩ የማን እንደሆነ ስላልተነጋገርን መጀመሪያ የደረሰው ከብቱን ይለቅበታል። በሁለት ሳምንት ውስጥ የተረገጠው ደለል ይላላል፣ የክትሩ ድንጋይ ይናዳል።

ሰውን የሚሰበስበው ቅሬ (የመቀባበሪያው ዕድር) ነው። እኛ ዘንድ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ስለሚቀባበር፣ የቅሬው ዳኛ የተናገረው ነገር በሁለቱም ቤት ይሰማል። ዳኛውን ቀርባችሁ አስረዱ፤ ሸሁንም ቄሱንም አብራችሁ አማክሩ። ከዚያ የቀበሌውን የልማት ሠራተኛ ጥሩ። በጥርና በየካቲት የሚካሄደው የተፋሰስ ዘመቻ ዕቅድ ውስጥ ቦታችሁን ካስገባ የችግኝና የመሣሪያ እርዳታ ማግኘት ይቀላል።

በስብሰባው ላይ እነዚህ ጥያቄዎች ሳይመለሱ አትበተኑ። ቦረቦሩ የሚነካው የእነማንን ይዞታ ነው? ባለይዞታዎቹ ሁሉ ተገኝተዋል ወይስ አንዱ ቀርቷል? ከዳሩ በሁለቱም በኩል ሁለት ሁለት ሜትር ሳይታረስ እንዲቀር ይስማማሉ? ከብት የሚሄድበት ሌላ መንገድ የቱ ነው? ሣሩን ማን ያጭዳል? ደንቡን የጣሰ ምን ይከፍላል? ስለ ሣሩ የእኔ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ በመጀመሪያ መሬቱ ለተቆረሰበት፣ ቀጥሎ መሬት ለሌላቸው ወጣቶችና በሬ ለሌላቸው ሴቶች ይድረስ። ጉልበቱን የሰጠ ሁሉ እኩል ይካፈል የሚለው ለጆሮ ደስ ይላል፤ ለሠላሳ ሰው ተከፋፍሎ ለአንዱ አንድ ነዶ የሚደርስ ሣር ግን ጠባቂ አያገኝም። የተስማማችሁበትን ጻፉት፣ ፈርሙበት፣ አንዱን ቅጂ ለቀበሌው፣ አንዱን ለቅሬው ስጡ።

የሥራ ቀን ስትመርጡ አርብን፣ እሑድን፣ የገበያውን ቀንና ሰው የሚያከብራቸውን የወሩን በዓላት አስቡ። የረመዳን ወር በበጋው ውስጥ ከገባ ከባዱን ድንጋይ ተሸካሚ ሥራ ከወሩ በፊት ወይም በኋላ አድርጉት፤ በጾሙ ቀናት ጠዋት ቀላሉን ቅየሳ መሥራት ይቻላል።

ከራስጌ እስከ ግርጌ በእግር መሄድ

ኅዳር ወይም ታኅሣሥ ላይ፣ መሬቱ ደርቆ እህሉ ሲነሣ፣ አምስት ስድስት ሰው ሆናችሁ ቦረቦሩን ሙሉውን ሂዱበት። ሽማግሌ ይኑርባችሁ፤ ውሃው ድሮ በየት ይሄድ እንደነበር የሚያውቁት እነሱ ናቸው። እኛን አብረውን የሄዱ አንድ አባት ከጤፍ ማሳ መሐል ቆመው፣ “ይኼ ማሳ ሳይታረስ በፊት የውሃው መንገድ እዚህ ነበር፤ እኛ ነን ያጣመምነው” አሉን። ዕቅዳችንን የቀየረው ይህ አንድ ንግግር ነው።

የምትፈልጉት ሦስት ነገር ነው። አንደኛው የቦረቦሩ ራስ ነው፤ ውሃው ከማሳ ወደ ጉድጓዱ የሚዘልልበት፣ በየዓመቱ ወደ ላይ እየበላ የሚሄደው ግንብ የመሰለ ቁራጭ ማለት ነው። ዛሬ ያለበትን በችካል ምልክት አድርጉበት፤ ከክረምት በኋላ ምን ያህል እንደተጓዘ የምታውቁት በዚህ ነው። ሁለተኛው ግድግዳው ከሥሩ የተቦረቦረበትና ሊናድ የተንጠለጠለ ቦታ ነው። ሦስተኛው ከጎን የሚገቡ ትናንሽ ቦዮች ናቸው፤ አንዱን ትልቅ ቦረቦር እየመገቡት ያሉት አምስት ስድስት ትናንሽ ሊሆኑ ይችላሉ፣ እነሱ በአንድ ቀን ሥራ ይዘጋሉ።

ጥልቀቱ ከሦስት ሜትር ካለፈና ግድግዳው ቀጥ ያለ ከሆነ በራሳችሁ አትግቡበት። ለእንዲህ ያለው በሽቦ ሳጥን የሚታሠር የጋቢዮን ክትርና የባለሙያ ስሌት ያስፈልጋል። እናንተ በላዩ ያለውን ውሃ መቀነስና ትናንሽ ቅርንጫፎቹን መዝጋት ትችላላችሁ፤ እሱም ትልቅ ሥራ ነው።

ውሃውን ከላይ መያዝ

በኢትዮጵያ ከታረሰ መሬት በዓመት የሚታጠበው አፈር በአማካይ በሄክታር 42 ቶን ይሆናል የሚል ግምት በሰፊው ይጠቀሳል። ብዙ ነው፤ በሄክታሩ ላይ ቢዘረጋ ግን ውፍረቱ አራት ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ባለማሳው የማያየውም ለዚህ ነው። ቦረቦሩን ሁሉም ያያል፣ ከላይ የሚላጠውን ማሳ ግን ማንም አያይም። ስለዚህ ከጉልበታችሁ ግማሹን ከቦረቦሩ በላይ አውሉት።

በማሳው ላይ የአፈር ወይም የድንጋይ እርከን፣ በግጦሹና በተራቆተው ኮረብታ ላይ ደግሞ ትሬንች (ጎርፍ የሚይዝ አጭር ቦይ) ይሠራል። ሦስት ሜትር ርዝመት፣ ግማሽ ሜትር ስፋትና ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ ትሬንች 750 ሊትር ውሃ ይይዛል፤ መቶ ትሬንች 75 ሺህ ሊትር ከጎርፉ ላይ ቀነሰ ማለት ነው። የተቆፈረውን አፈር ከታች በኩል ደልድሉት፤ ወደ ላይኛው በኩል ከጣላችሁት የመጀመሪያው ዝናብ መልሶ ያስገባዋል።

የጎርፍ መቀልበሻ ቦይን በተመለከተ ጥንቃቄ እጠይቃለሁ። ከቦረቦሩ ራስ በላይ፣ የቦረቦሩን ጥልቀት ሦስት አራት እጥፍ ያህል ራቅ ብሎ ይቆፈራል። ሁለት ሜትር ጥልቀት ላለው ቦረቦር ከስድስት እስከ ስምንት ሜትር ማለት ነው። ቁልቁለቱ በጣም ለስላሳ ይሁን፤ በየአሥር ሜትሩ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ቢል ይበቃል፣ ከዚያ ካለፈ ቦዩ ራሱ ሌላ ቦረቦር ይሆናል። ከሁሉ በላይ ውሃው የት እንደሚያርፍ ሳታውቁ አንድ ዶማ አታንሡ። ማረፊያው ሣር የለበሰ ወይም ድንጋያማ የሆነ የተፈጥሮ መውረጃ መሆን አለበት። ከሌለ ቦዩን ተዉትና በትሬንችና በእርከን ብቻ ሥሩ። የራስን ጎርፍ ወደ ጎረቤት ማሳ የለቀቀ ቦይ መንደር ያጣላል፤ ፍርድ ቤት የደረሰም አይቻለሁ።

ክትሩ የት የት ይቀመጥ?

ለቅየሳ የሚያስፈልጋችሁ ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ዘንግ፣ አሥር ሜትር ሲባጎና በሲባጎ ላይ የሚንጠለጠል፣ በውስጡ አረፋ ያለው ትንሽ የውሃ ልክ ነው። የውሃ ልኩ በሲባጎው መሐል፣ በአምስተኛው ሜትር ላይ ይሁን። ከመጀመራችሁ በፊት መሣሪያውን ፈትኑት፦ ሁለቱን ዘንጎች አቁማችሁ አረፋውን መሐል አምጡ፣ ከዚያ ዘንጎቹን ሳታነሡ የውሃ ልኩን አዙራችሁ ስቀሉት። አረፋው መሐል ካልተመለሰ መሣሪያው ይዋሻል፤ ቀይሩት።

አሁን የቦረቦሩን ወለል ቁልቁለት ለኩ። አንዱን ዘንግ ከላይ፣ ሌላውን በአሥር ሜትር ርቀት ከታች አቁሙ። ሲባጎው ከታችኛው ዘንግ ጫፍ ሳይነቃነቅ፣ ከላይኛው ዘንግ ላይ ያለውን ጫፍ አረፋው መሐል እስኪመጣ ወደ ታች አውርዱት። በላይኛው ዘንግ ላይ የወረደው ልክ አንድ ሜትር ከሆነ ቁልቁለቱ 10 በመቶ ነው።

በሁለት ክትሮች መሐል ያለው ርቀት እንዲህ ይሰላል፦ የክትሩን ቁመት እስከ ውሃ ማለፊያው በሜትር ወስዳችሁ በ1.2 አባዙት፣ ውጤቱን ለቁልቁለቱ አካፍሉት። ቁመቱ አንድ ሜትር፣ ቁልቁለቱ 10 በመቶ ከሆነ 1.2 ለ0.10 ሲካፈል 12 ሜትር ይመጣል። ስሌቱ የሚያስፈራው ሰው ካለ በዓይን የሚታየው ትርጉሙ ይኸው ነው፦ የታችኛው ክትር ውሃ ማለፊያ ከላይኛው ክትር እግር ጋር ትይዩ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው። የታችኛው የሚይዘው ደለል እስከ ላይኛው እግር ይደርሳል፣ ላይኛውንም ከሥሩ እንዳይቦረቦር ይደግፈዋል።

ስለዚህ 60 ሜትር ርዝመትና 10 በመቶ ቁልቁለት ላለው ቦረቦር አምስት ክትር ያስፈልጋል። ቦታዎቹን በችካል ምልክት አድርጉ። ስሌቱ የሚጠቁመው ቦታ ቦረቦሩ የሚታጠፍበት ላይ ከወደቀ ሁለት ሜትር ወደ ላይ ወይም ወደ ታች አንቀሳቅሱት፤ መታጠፊያ ላይ የተሠራ ክትር ውሃውን ወደ አንዱ ግድግዳ ይወረውረዋል። ቀጥ ያለና ጠበብ ያለ ቦታ ይሻላል።

የድንጋዩ ክትር

የመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ክትራችን በጣም ያምር ነበር። ቁመቱ ከሰው ወገብ ያለፈ፣ አናቱ በገመድ የተለካ ቀጥ ያለ፣ ፊቱ እንደ ቤት ግንብ የተጠረበ። ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ከባድ ዝናብ ጣለ። ጠዋት ስንደርስ ክትሩ አንድ ድንጋይ ሳይጎድልበት ቆሟል። ውሃው ግን በግራ በኩል ዞሮ አልፎ፣ ግድግዳውን ሁለት ክንድ ያህል ቆርሶ፣ የአንዲት እናት የባቄላ መደብ ጫፍ ከነተክሉ ወስዷል። ባቄላው ሥሩ ወደ ላይ ሆኖ ከክትሩ በታች በጭቃው ላይ ተኝቶ ነበር። እትዬ መጥተው አዩትና፣ “ልጆቼ፣ ድንጋያችሁ ደኅና ነው፤ የሄደው መሬቴ ነው” አሉን። ሁለት ነገር አጉድለን ነበር፦ ክትሩን በግድግዳው ውስጥ አላስገባነውም፣ አናቱንም መሐሉ ላይ ዝቅ አላደረግነውም። ከዚህ በታች ያለውን ስታነቡ እኚህን እናት አስቡልኝ።

መሠረት። የቦረቦሩን ወለል ከግማሽ ሜትር ባላነሰ ጥልቀት ቆፍሩ። ስፋቱ የክትሩ እግር የሚያርፍበት ያህል ይሁን፤ አንድ ሜትር ቁመት ላለው ክትር 1.80 ሜትር ያህል እግር፣ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል አናት ይበቃዋል። ፊቱ ወደ ታች በኩል እየተንሸራተተ ይውረድ እንጂ ቀጥ ብሎ አይቁም።

ክንፍ። በግራም በቀኝም ግድግዳውን ከ70 ሴንቲ ሜትር እስከ አንድ ሜትር ወደ ውስጥ ቆፍራችሁ የክትሩን ጫፍ እዚያ ቅበሩት። አፈሩ የላላ ከሆነ ይበልጥ ግቡ። ሰው የሚሰለቸው ይህ ሥራ ነው፤ ሲጨርሱት አይታይምና። እኛን ያስከፈለን ግን ይኸው ነው።

አደራደር። ትልልቁን ድንጋይ መሠረቱ ላይና በታችኛው ፊት አድርጉ። ረጅሙ ጎኑ ውሃው በሚሄድበት አቅጣጫ ይተኛ፤ በአግድም የተኛ ድንጋይ ይንከባለላል። እያንዳንዱ ድንጋይ በታቹ ባሉት ሁለት ድንጋዮች መገጣጠሚያ ላይ ይቀመጥ። ትንንሹን መሐል ሙሉበት፤ ክፍተት ከቀረ ውሃው በዚያ ገብቶ ክትሩን ይበትናል። ከወንዝ የተለቀመ ድቡልቡል ድንጋይ አይያያዝምና ማዕዘን ያለው ድንጋይ ፈልጉ። አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ክትሩ ላይ ቆሞ ይደርድር፣ ሌላው ያቀብል፤ ሁሉም ከደረደረ መገጣጠሚያው ይጠፋል። እኛ ዘንድ የሚደረድሩልን በካብ ሥራ የታወቁ ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ወጣቱ በባሬላ ያቀርብላቸዋል።

የውሃ ማለፊያ። የክትሩ አናት መሐሉ ላይ ከጎኖቹ ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይበል፣ እንደ ኮርቻ። ስፋቱ ከቦረቦሩ ወለል ስፋት አይለፍ፤ ካለፈ የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን ይመታል። እዚህ ላይ ስለ ልኩ ላሰምርበት። ከደሴ በማይርቀው ማይባር እ.ኤ.አ. በ1981 የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተቋቁሞ፣ በግብርና ሚኒስቴርና በስዊዘርላንድ የበርን ዩኒቨርሲቲ ትብብር ዝናቡ፣ ጎርፉና የሚታጠበው አፈር ለዓመታት ሲለካ ቆይቷል። እንዲህ ካለው ልኬት የሚወጣው ትምህርት የዓመቱ አብዛኛው አፈር የሚሄደው በጥቂት ኃይለኛ ዝናቦች፣ በተለይም ማሳው ታርሶ ቡቃያው ገና መሬቱን ሳይሸፍን መሆኑ ነው። ስለዚህ ማለፊያውን ስትለኩ የአዘቦቱን ጎርፍ ሳይሆን ሽማግሌዎቹ የሚያስታውሱትን የከፋ ቀን አስቡ። ውሃው እስከ የት ደርሶ እንደነበር ጠይቁ፤ በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለውን ገለባና ሥር ተመልከቱ።

ማረፊያ። ውሃው ከማለፊያው ሲወርድ የሚያርፍበትን ወለል በድንጋይ አንጥፉ። ርዝመቱ የክትሩን ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ይሁን፣ ድንጋዩም ከወለሉ ጋር እኩል እንዲሆን ተቀብሮ ይነጠፍ። ማረፊያ የሌለው ክትር ከእግሩ ሥር ተቆፍሮ በራሱ ላይ ይወድቃል።

ቁመቱን ከአንድ ሜትር አታሳልፉ። ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንሽ ይሻላል፤ ከፍ ያለው ሲሰበር የታችኞቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ሥራው ከላይ ወደ ታች ይውረድ፤ በመሐል በልግ ቢጥል የላይኛው ክትር ጎርፉን አብርዶ ይልክላችኋል።

ስለ ጉልበት ይህን ያህል። ስፋቱ ሦስት ሜትር ለሆነ ቦረቦር አንዱ ክትር ከመሠረት፣ ከክንፍና ከማረፊያ ጋር ወደ 9 ሜትር ኩብ ድንጋይ ይበላል። አንድ ሰው በቀን ግማሽ ሜትር ኩብ ይሠራል ብላችሁ ብትይዙ ለአንዱ 18፣ ለአምስቱ 90 የሰው ቀን ነው፤ ሠላሳ ሰው ሦስት ቀን። ድንጋዩ ሩቅ ከሆነ ግን ለመሰብሰብ ብቻ ያንኑ ያህል ጨምሩ። ድንጋይ ከእርከን ላይ አታንሡ፤ ይህን የምናገረው ስላየሁ ነው።

ጥቁር ዋልካ አፈር ላይ፣ እንደ ጃማ፣ ወረኢሉና ደላንታ ሜዳ ባለው፣ የድንጋይ ክትር ብቻውን አይታመንም። አፈሩ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ከክትሩ ሥርና ጎን ዋሻ ያወጣል። ክንፉን አስረዝሙ፣ በክትሩ ላይኛው ፊት አፈር ጠቅጥቁበት፣ ስንጥቆቹን ከዝናብ በፊት ድፈኑ፣ ከድንጋዩ ይልቅ በሣሩ ላይ ተማመኑ።

ስፋታቸው ከሁለት ሜትር ለማያልፍ ለጎን ቦዮች ድንጋይ አታባክኑ። ሁለት ረድፍ ችካል ግማሽ ሜትር ያህል አስገብታችሁ ምቱ፣ መሐሉን በጭራሮና በቅጠል ጠቅጥቁ፣ በገመድ እሰሩ። ለችካልነት ሲተከል የሚያቆጠቁጥ እንጨት ካገኛችሁ ዝናብ ሲመጣ ክትሩ ራሱ አጥር ይሆናል።

ከአደጋ መጠበቅ

በተንጠለጠለ ግድግዳ ሥር ማንም አይቁም፣ አይቀመጥ፣ ለጥላም ቢሆን። ግድግዳ ሲስተካከል ሁልጊዜ ከላይ ቆሞ ነው። ድንጋይ አይወረወርም፤ ከእጅ ወደ እጅ ወይም በባሬላ ይተላለፋል። ድንጋይ ስትገለብጡ ከእናንተ ራቅ ያለውን ጠርዝ ወደ ራሳችሁ አንሡ፤ ጊንጥም እባብም ከሥሩ ካለ በሌላ በኩል ይውጣ። ከላይ ተራራው ላይ ከጠቆረ፣ እናንተ ዘንድ ፀሐይ ቢሆንም፣ ከቦረቦሩ ውጡ። ሕፃናት ከላይ ሆነው ጠጠር ይልቀሙ እንጂ አይውረዱ።

ቡናውን ከቦረቦሩ በላይ፣ ከዛፍ ጥላ አፍሉት። እኛ ዘንድ አቦሉ ከሥራ በፊት፣ ቶናው እኩለ ቀን ላይ ነው፤ በረካው ሲጠጣ የነገው ሥራ ይከፋፈላል። ሰውን ለሁለተኛው ቀን የሚመልሰው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ግድግዳውን ማዘንበልና መትከል

ድንጋዩ ጊዜ ይገዛል፣ መሬቱን የሚይዘው ግን ሥር ነው። ቀጥ ያለውን ግድግዳና የቦረቦሩን ራስ ከላይ እየቆረጣችሁ አዘንብሉት፤ ከፍታው አንድ ሜትር ከሆነ ወደ ኋላም አንድ ሜትር ይሂድ። ይህ መሬት ከማን ይዞታ እንደሚቆረስ በስብሰባው ላይ የተነጋገራችሁት ለዚህ ነው። ራሱ ላይ ውሃው የሚወርድበትን መስመር በድንጋይ አልብሱት።

ተከላው ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ መጀመሪያ፣ አፈሩ አንድ ክንድ ያህል ከራሰ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ጠብታ ተታልለው የተከሉ ጎረቤቶቻችን ችግኙን በሳምንት ፀሐይ አጥተውታል።

በደጋው ትሪ ሉሰርንና ደሾ ሣር፣ በወይና ደጋው ሳስፓኒያ፣ ቬቲቨርና የዝሆን ሣር፣ ወደ ቆቦና ወደ ቃሉ ቆላ ደግሞ ሉኪኒያና ቃጫ ተመራጭ ናቸው። ቬቲቨርን ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር እያራራቃችሁ ከክትሩ በላይ በአግድም መስመር ትከሉት፤ ከተራራቀ ውሃ በመሐሉ መንገድ ያወጣል። የዝሆን ሣርን ሦስት አንጓ ባለው ቁራጭ፣ ሁለቱን አንጓ ቀብራችሁ፣ በየግማሽ ሜትሩ ትከሉ። ከዳሩ ላይ እሬት ወይም ቁልቋል በሁለት ረድፍ ቢተከል ከብት ይከለክላል። ባሕር ዛፍ ቦረቦር ውስጥ እንዲተከል አልመክርም። ገንዘብ ነው፣ አውቃለሁ፤ ከበታቹ ግን ሣር ስለማያስበቅል መሬቱ ራቁቱን ይቀራል።

ከመጀመሪያው ዝናብ ማግስት

ከሥራው ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ። ከመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ማግስት ጠዋት አምስት ሰው ዶማ ይዞ ይውረድ። ክንፉ ጋ ውሃ ዞሯል? ከማለፊያው ላይ ድንጋይ ሄዷል? ማረፊያው ተቆፍሯል? የዕለቱ አንድ ድንጋይ በነሐሴ አንድ ክትር ነው። እኛ ለእያንዳንዱ ክትር አንድ አንድ ቤተሰብ መድበናል፤ ቤተሰቡ ቁጥሩን ያውቃል፣ ልጆቹም “የእኛ ክትር” ይላሉ። ሁሉም የሚጠብቀው ነገር ጠባቂ የለውም፤ የተመደበለት ግን በሌሊትም ተነሥቶ ያየዋል።

በሁለት ዓመት ውስጥ ከብት ፈጽሞ አይግባ። ሣሩ እየታጨደ በሸክም ይሂድ፣ የመጀመሪያው አጨዳም ዘሩ ከረገፈ በኋላ ይሁን። በመስከረም ደንቡን በቅሬው ፊት እንደገና አንብቡት፤ በዓመት ውስጥ የሞተ፣ የተዳረ፣ መሬት ያከራየ አለና አዲሱ ሰው ራሱ ሰምቶ ይፈርም።

ደለሉ እስከ ማለፊያው ሲሞላ ሥራው አለቀ አትበሉ። ደለሉ ከረጋ በኋላ፣ በጥር፣ ከክትሩ ትንሽ ወደ ላይ ገባ ብላችሁ በደለሉ ላይ ግማሽ ሜትር ቁመት ያለው ሁለተኛ ክትር ጨምሩ፣ ክንፉን እንደ መጀመሪያው ቅበሩ፣ ማለፊያውን ዝቅ አድርጉ፣ ማረፊያውን አንጥፉ። የእኛ ሁለተኛ ክትር፣ ያ በግራ በኩል የተዞረው፣ አሁን በዚህ መንገድ ሁለት ጊዜ ከፍ ብሏል። እትዬ ካጡት መደብ ላይ አፈሩ አልተመለሰም፤ ከሥሩ ያለው የዝሆን ሣር ግን የእሳቸው ነው፣ ባለፈው ጥቅምት ለአንዲት ላማቸው ሁለት ወር አቆይቷቸዋል። ዘንድሮ ከጎኑ ያለውን ትንሽ ቦይ ለመዝጋት ችካሉን የመጀመሪያ ሆነው ያመጡት እሳቸው ናቸው።